ጥቀሸ ጣቀሸ

ዛሬ የመጀመሪያውን ወረቀት ከማተሚያው ሳነሳ ሳቄ መጣ። ደብረ ማርቆስ ያለችው የእትዬ ሱቅ፣ በሯ ላይ «ሸቀጣ ሸቀጥ» የሚለው ጽሑፍ «ጥቀሸ ጣቀሸ» ሆኖ ቁጭ ብሏል። ሸ እና ቀ ሁለት ጎናቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ቢገለበጡም ያው ናቸው። ያጋለጡኝ ጣ እና ጥ ናቸው።

ኤቺንግ (መዳብ ላይ የተጫረን ሥዕል በኬሚካል አስበልቶ ወረቀት ላይ ማተም) ገልብጦ እንደሚያትም ጠፍቶኝ አይደለም። ከሱቋ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ መዳቡን ጭኔ ላይ አድርጌ እያየሁ ስጭር ዘነጋሁት። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊስለርም እ.ኤ.አ. በ1879 እና በ1880 ቬኒስን እያየ በቀጥታ መዳብ ላይ ሲስላት፣ ስትታተም ግራና ቀኟ ተገላብጦ ነው የወጣችው። (ራሴን ማጽናናቴ ነው።)

መዳቡን የቀባሁት ሰም ከሬንጅ ጋር አቅልጬ ነው። ሰሙ የዚሁ አገር ነው። መርፌው የሚጭረው ሰሙን ብቻ ነው፤ የተገለጠውን መዳብ የሚበላው ፌሪክ ክሎራይድ ነው። የጎጃም ልጅ ነኝና ሰምና ወርቅ ሳልል አላልፍም፤ እዚህ ግን ሰሙ ሲነሳ የሚገኘው መዳብ ነው።

ዝቃጩ ጭረቱ ውስጥ እንዳይቀመጥ መዳቡን በፊቱ ደፍቼ ነከርኩት። ለቆርቆሮው ሽንሽን 15 ደቂቃ በቃው። አውጥቼ አጠብኩ፣ እሱን በቫርኒሽ ሸፈንኩና መለስኩት። የሱቋ ጨለማ 50 ደቂቃ ቆየ። እኔ የምወደው ያንን ጨለማ ነው። ከፀሐይ ስትገባ መጀመሪያ ምንም አይታይህም። ከዚያ የከሰሉ ጆንያ፣ ቀጥሎ ሚዛኑ፣ በመጨረሻ የእትዬ ነጠላ ብቅ ይላል።

ከባዱ ጠረጋው ነው። ቀለሙን ጭረቱ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ትርፉን ስታርች በገባበት ሻሽ፣ ማሳረጊያውን በመዳፌ ጠረግኩ። ከበዛ ጨለማው ይሳሳል፤ ካነሰ ሱቁ እሳት የበላው ይመስላል። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። አራተኛውን፣ እርጥቡን፣ በሱፍ ብርድ ልብስ ሸፍኜ ብየዳ ቤት ባሠራሁት ማተሚያ አሳለፍኩት።

ከሰዓት ለእትዬ ወሰድኩላቸው። ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ወጡ። ዝም ብለው አዩ፣ አዩ።

«ጽሑፉ ተገልብጦብኛል፣ ይቅርታ» አልኳቸው።

«እሱስ ይሁን፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። ሚዛኔን ግን ምን ብለህ ወዲያ ማዶ ወሰድክብኝ? በግራ እጄ መዝኜ አላውቅም እኮ፣ ልጄ።»