ስካነሩ ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር አልገናኝ ሲል

ብዙ ጋራዥ ወዲያው ኮምፒውተሩን ወደ መቀየር ይሮጣል። ኮምፒውተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ኮረንት ወይም ሽቦ ነው።

መጀመሪያ ስካነሩ (የብልሽት ኮድ ማንበቢያው) የሚሰካበት የኦቢዲ ሶኬት። 16ኛው ፒን ላይ የባትሪ ቮልት ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ፊውዝ ተቃጥሏል፤ ብዙ መኪና ላይ የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ ራሱ ነው። 4ኛውና 5ኛው ፒን ግራውንድ (ኔጌቲቭ) ናቸው።

ቀጥሎ የካን መስመሩ፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው ሁለት ሽቦዎች። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታችሁ በሶኬቱ 6ኛና 14ኛ ፒን መካከል ኦም ለኩ። ወደ 60 ካሳየ በመስመሩ ጫፎች ያሉት ሁለቱ ባለ 120 ኦም ሬዚስተሮች ደህና ናቸው። 120 ካሳየ አንዱ ጠፍቷል ወይም ሽቦ ተቆርጧል። ወደ ዜሮ ከወረደ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል፤ ኦሙን እያያችሁ ሞጁሎቹን (በመስመሩ ላይ ያሉትን ኮምፒውተሮች) አንድ በአንድ ንቀሉ፣ ቁጥሩ ሲዘል ጥፋተኛው እሱ ነው። (በካን ፈንታ 7ኛውን ፒን የሚጠቀሙ የቆዩ መኪኖች ላይ ይህ ልኬት አይሠራም።)

የፍሬኑ ኮምፒውተር (ኤቢኤሱ) ለስካነሩ እየመለሰ ዩ0100 የሚለውን ኮድ (ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር ግንኙነት ጠፍቷል ማለት ነው) ካስቀመጠ ግን የሞተሩ ኮምፒውተር ብቻ ነው ዝም ያለው። ኮረንት የሚሰጠውን ሪሌና ግራውንዱን ፈትሹ፣ በመልቲሜትር ብቻ ግን አትመኑ። በአንድ ክር የተንጠለጠለ ሽቦም 12 ቮልት ያሳያል። ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል አገናኙበት፤ ደብዝዞ ከበራ ሽቦው አልቋል።

ቁልፉ ኦን ሆኖ የቼክ ኢንጂን መብራቱ ካልበራ ደግሞ ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ የሚልከውን 5 ቮልት ለኩ። አንድ ሾርት ያደረገ ሴንሰር አንዳንድ መኪና ላይ ኮምፒውተሩን ጭምር ያጠፋዋል። ችግሩ ይህ ከሆነ ያን ሴንሰር ስትነቅሉ ስካነሩ ወዲያው ይገናኛል።