ሹመቱን መመኘትና ሥራውን መመኘት

በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ በነበርኩበት ጊዜ፣ በወር መዝጊያ ሰሞን የእኛ መዝገብ ከባንኩ መግለጫ በ270 በልጦ ተገኘ። ገንዘቡ ይህን ያህል የሚያሳስብ ባይሆንም ምክንያቱ ሳይታወቅ ወሩን መዝጋት አይገባም። ነባሩ የሒሳብ ሠራተኛችን ቼኮቹን ከመዝገቡ ጋር ሲያመሳክር ውሎ ስለታከተው፣ ልዩነቱ ለጊዜው በሰስፔንስ ሒሳብ፣ ማለትም ምክንያቱ ያልታወቀ ገንዘብ እስኪጣራ በሚቆይበት ጊዜያዊ ሒሳብ፣ ተይዞ እንዲታለፍ ሐሳብ አቀረበ። በዚህ መሐል ሰነድ በመደርደር ሥራ ላይ የነበረች ወጣት ባልደረባችን ቀና ብላ፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ 270 እኮ ለዘጠኝ ይካፈላል፤ የአንዱ ቼክ ቁጥር ተገላብጦ ተጽፎ እንዳይሆን» አለች።

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ያለ ቀሪ ለ9 ይካፈላል። ልዩነቱ 270 ሲሆን ደግሞ መፈለግ ያለበት የመቶ ቤትና የአሥር ቤት አኃዞቹ በ3 የሚበላለጡ ቁጥር ነው። በዚህ መንገድ ስንፈልግ 7,850 የተከፈለበት ቼክ በመዝገባችን 7,580 ተብሎ ሰፍሮ አገኘነው።

ይህን ከየት እንደተማረች ስጠይቃት፣ በምሳ ሰዓት የቀደሙትን ወራት የባንክ ማስታረቂያዎች፣ ማለትም መዝገባችንን ከባንኩ መግለጫ ጋር ያመሳከርንባቸውን ሰነዶች፣ እያወጣች፣ የእኛን ውጤት ሸፍና ከመጀመሪያው እንደምትሠራቸውና በመጨረሻ እንደምታመሳክራቸው ነገረችኝ። ያዘዛት ሰው አልነበረም። ስህተት በሚገኝበት ወር ይበልጥ ደስ እንደሚላት ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ያየሁት ጉጉት እስካሁን ያስደንቀኛል።

ነባሩ ሠራተኛ ምኞት የሌለው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ኃላፊ ሲሆን ክፍሉን እንዴት እንደሚያደራጀው ከእርሱ አብዝቶ የሚያወራ አልነበረም። ሹመት መመኘት በጎ ነው ብዬ አምናለሁ። የእርሱ ምኞት ግን ሥራውን ዘልሎ ወንበሩ ላይ የሚያርፍ ነበር። ጋብርኤለ ኦቲንገን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከዶሪስ ማየር ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ከሁለት ዓመት በኋላ የደረሱበትን ተመልክተው ነበር። ስለ ስኬታቸው መልካም መልካሙን ደጋግመው በሐሳብ የሚያልሙት ያስገቡት ማመልከቻም፣ ያገኙት የሥራ ጥሪም፣ ደመወዛቸውም አነስተኛ ሆኖ ተገኘ፤ እንደሚሳካላቸው የጠበቁት ግን የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ሰው በሐሳቡ ደስታውን አስቀድሞ ሲያጣጥመው ለድካሙ የሚተርፈው ጉልበት ይቀንሳል የሚለው ማብራሪያ በሥራ ቦታ ካየሁት ጋር ይስማማል።

ወጣቷ ወደ ሒሳብ ክፍል ለመዛወር ቀደም ሲል ያቀረበችው ጥያቄ «ቦታ ሲገኝ ይታያል» ተብሎ ተቀምጦ ነበር። ይህ የመሥሪያ ቤቶች ልማድ በእጅጉ ያሳዝነኛል፤ እንዲህ ያለ ፍላጎት መውጫ ሲያጣ ይደርቃልና። የሚቀጥለውን ወር ማስታረቂያ በእኔ ክትትል ራሷ እንድታዘጋጅ፣ የቀኑን ገደብም አሳጥሬ ሰጠኋት። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ሌተም ለብዙ ዓመታት ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ ተለይቶ የታወቀና ፈታኝ የሆነ ግብ «የተቻለህን አድርግ» ከሚል መመሪያ ይልቅ የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ አሳይተዋል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሠራተኛው ችሎታው ሲኖረው፣ ግቡን ሲቀበለውና ስለ ውጤቱ ሲነገረው ነው። ሥራዋን በየምሽቱ አብሬያት የማየው ለዚህ ነበር። ቦታው ሲከፈት ተወዳድራ አለፈች።

ነባሩን ሠራተኛም ምኞቱን ይተው አላልኩትም። ከሚመኘው የኃላፊነት ሥራ ውስጥ አድካሚውን ክፍል፣ ማለትም ለኦዲተሮች ጥያቄ መልስ ማዘጋጀትን፣ ሰጠሁት። መጀመሪያ ቅር አለው፤ እየቆየ ግን ኦዲተሮቹ ገና ያልጠየቁትን ሰነድ ራሱ አስቀድሞ እየፈለገ ያቀርብልኝ ጀመር።