በወንዝ ድንጋይ ላይ ያለው የሚያሟልጭ ሽፋን ስለ መርዝ የሚነግረን

የወንዝን ብክለት ለማወቅ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ መውሰድ የተለመደ ነው። ነገር ግን ፍሳሹ የተለቀቀው ሌሊት ከሆነ፣ ጠዋት በሚቀዳው ውሃ ውስጥ መርዙ ላይገኝ ይችላል። ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው፣ ስንረግጠው የሚያሟልጨን ስስ ሽፋን ግን ከቦታው ስለማይነቃነቅ በላዩ የሚያልፈውን ሁሉ ይቀበላል። ባዮፊልም የሚባለው ይህ ሽፋን፣ ባክቴሪያዎችና አልጌዎች ራሳቸው በሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር ተያይዘው የሚኖሩበት ማኅበር ነው።

መርዝ ሲደርስበት ዝልግልጉ እንደ መዳብና ዚንክ ያሉትን ብረቶች ይዞ ያስቀራል፤ ስለዚህ ከሥር ያሉት ሕዋሳት የሚደርሳቸው መጠን ያነሰ ይሆናል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ወደ ውስጣቸው የገባውን ብረት መልሰው ወደ ውጭ የሚገፉ ፕሮቲኖች አሏቸው፤ ይህን ችሎታ የሚሰጡት ዘረመሎችም ብዙ ጊዜ ተቀራርበው በሚኖሩ ባክቴሪያዎች መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። መቋቋም ያልቻሉት ዝርያዎች ሲሞቱ የቻሉት ቦታቸውን ይወርሳሉ። ሽፋኑ በዓይን ሲታይ እንደ ቀድሞው ወፍራም ሊሆን ይችላል፤ የሚኖርበት ማኅበር ግን ተለውጧል። ለዚህ ነው የባዮፊልሙን መትረፍ እንደ ወንዙ ጤና ምልክት መቁጠር አደገኛ ነው የምለው።

ይህ መላመድ ራሱ የብክለት ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል የስዊድኑ ተመራማሪ ሃንስ ብላንክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 አሳይተዋል። ዘዴው ከንጹሕና ከተጠረጠረ ስፍራ ባዮፊልም ወስዶ ሁለቱንም በተለያየ የመርዝ መጠን መፈተሽ ነው፤ የተጠረጠረው የበለጠ ከተቋቋመ፣ ያንን መርዝ ከዚህ በፊት ያውቀዋል ማለት ነው። በፈረንሳይ ቦጆሌ፣ በወይን እርሻዎች መካከል በሚወርደው የሞርሲል ወንዝ የታየው ለእኔ እጅግ አሳማኙ ነው። የታችኛው ወንዝ ባዮፊልም ዳዩሮን የተባለውን ፀረ-አረም ከላይኛው ይልቅ ይቋቋም ነበር፤ ፈረንሳይ ኬሚካሉን እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ስትከለክል ግን ይህ የመቋቋም አቅም በቀጣዮቹ ዓመታት እየቀነሰ ሄደ። ክልከላው መሥራቱን ከሕያዋኑ ከራሳቸው ማንበብ ተቻለ ማለት ነው። በወይን እርሻ የሚረጨው መዳብ ግን እንደ ፀረ-አረም አይበሰብስም፤ ዝቃጩ ውስጥ ይከማቻል።

ከቆዳ ፋብሪካዎች ክሮሚየም የተባለውን ብረት ሲቀበል የኖረው የአቃቂ ወንዝም በዚህ ዘዴ፣ ከአዲስ አበባ ከተማ በላይና በታች ባሉ ድንጋዮች ላይ በተከታታይ ቢፈተሽ ትልቅ ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ። ብረትን መቋቋም የሚያስችሉ ዘረመሎች አንቲባዮቲክን ከሚያከሽፉት ጋር በአንድ የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ በብረት የተበከለ ወንዝ መድኃኒት ሳይገባበት እንኳ መድኃኒት የማይበግራቸውን ባክቴሪያዎች ሊያበዛ ይችላል፤ በአቃቂ ውሃ ደግሞ በጥሬው የሚበላ ሰላጣ ሳይቀር ይለማል።