ከሜሪላንድ ሆኜ ደብረ ማርቆስ ያለውን ፕሪንተር ስጠግን

ከአገር ቤት ስለተበላሸ ዕቃ በተነገረኝ ቁጥር «አዲስ ይገዛ» የሚለው ፍርድ አብሮ ይመጣል። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እዚህ ሜሪላንድ ሁለት ሥራ እየሠራ ቤተሰብ ለሚደጉም ሰው አዲስ ዕቃ የብዙ ሌሊት ድካም ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላሉት ደግሞ አዲሱ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ የእናቴ ቤት ፕሪንተር ሞተ ሲባል ሞቱን በቀላሉ ለመቀበል ፈቃደኛ አልነበርኩም።

ማሽኑ ማተሚያውን፣ ስካነሩንና ፎቶ ኮፒውን በአንድ ላይ የያዘ ነው። እህቴ መምህርት ስለሆነች የመልመጃ ወረቀት የምታወጣው በእሱ ነው። ልጇ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ በ2016 ዓ.ም. ትምህርቱ ሲቆራረጥባት ከጓደኞቿ በፍላሽ የምታገኛቸውን የቀደሙ ዓመታት ጥያቄዎች እያተመች ቤት ተቀምጣ ታጠናለች። የጎረቤት ልጆችም ወረቀታቸውን ይዘው እየመጡ ያስባዛሉ። በደህናው ጊዜ ፕሪንተር ተራ ዕቃ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ለእነዚህ ልጆች ግማሽ ትምህርት ቤት ነበር ብል አላጋነንኩም።

ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ስሄድ በሻንጣ ይዤው የገባሁት እኔ ነኝ። ከመግዛቴ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቤ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል መሆኑን አረጋግጬ ነበር። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛው 220 ቮልት ነው፤ 120 ብቻ የሚል ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር ደብረ ማርቆስ ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ሁለቱንም የሚችለው ግን የሶኬቱን ቅርጽ የምትቀይር ትንሽ አዳፕተር ትበቃዋለች። ቀለሙም ከጠርሙስ የሚሞላ ነው። ካርትሪጅ የሚባሉትን የቀለም መያዣዎቻቸውን በአህጉር ከፋፍለው የሚሸጡ አምራቾች ስላሉ፣ እዚህ የተገዛ ፕሪንተር እዚያ የተገዛውን ካርትሪጅ አልቀበልም ሊል ይችላል። በቅናሽ ከሚሸጡት መካከል ደግሞ ሁልጊዜ ኢንተርኔት ካላገኙ የማያትሙ አሉ። ለወገኖቼ ደጋግሜ የምናገረው ነው፦ ዋጋው ረክሶ ብታዩትም ለአገር ቤት እንዳትገዙት። በ2016 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ፣ እንዲህ ዓይነቱ ማሽን ከጠረጴዛ ጌጥነት አያልፍም ነበር።

ብልሽቱ የመጣውም በዚያው ወቅት፣ በኅዳር ነው። ፎቶ ላኪልኝ፣ በቪዲዮ አሳዪኝ ማለት አይቻልም። ያለን የስልክ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እሱም በመሀል ይቋረጣል። በዚያ ወር በሁለቱ ከተሞች መካከል የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ፤ እኔ ከሥራ ገብቼ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ስደውል እነሱ ገና ንጋት 12 ሰዓት ላይ ናቸው።

የእህቴ ልጅ ስልኩን አንስታ፣ «ጋሼ፣ ያየው ባለሙያ ሄዱ ሞቷል፣ ከእንግዲህ አይሠራም ብሎናል» አለችኝ። ሄድ የሚባለው ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨው ክፍል ነው።

«እሱ ያለውን ለጊዜው ተይው፤ ማሽኑ የሚያደርገውን ብቻ ንገሪኝ» አልኳት።

የእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ጥሩነቱ አንዱን ክፍል በሌላው መመርመር መቻሉ ነው። ከኮምፒውተሩ ሳይገናኝ፣ በራሱ ቁልፎች የሙከራ ገጽ እንዲያትም ይታዘዛል። ገጹ በደንብ ከወጣ ችግሩን ኮምፒውተሩና ገመዱ ዘንድ መፈለግ ነው። የሙከራው ገጽ ንጹሕ ሆኖ ፎቶ ኮፒው ብቻ ከተበላሸ ደግሞ ጣጣው የስካነሩ ነው። ይህንን ሳያደርጉ «ሄዱ ሞቷል» ማለት በሽተኛውን ሳይዳስሱ መድኃኒት ማዘዝ ነው። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ገመድ ነቅላ የሙከራ ገጽ እንድታዝ ነገርኳት።

ማሽኑ ተነሥቶ ያጉረመርማል፤ ወረቀት ግን አይስብም። ስልኩን ወደ ፕሪንተሩ እንድታስጠጋልኝ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ደህና የሞተር ድምፅ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ ፈጠን ያለ፣ የሚያፏጭ ነገር። ከጀርባዋ እናቴ፣ «ወፍጮ እህል ሲያልቅበት እኮ እንዲህ ነው የሚጮኸው» ስትል ሰማሁ። እናቴ ፕሪንተር ነክታ አታውቅም፤ ያለችው ግን ልክ ነበር። ወረቀት ሳቢው ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል እንጂ ወረቀቱን አልጨበጠውም።

ጎማው የማይጨብጠው አቧራ ለብሶ ሲያሟልጭ ነው። ማሽኑን ከሶኬት ነቅላ፣ ብናኝ የማይለቅ ጨርቅ በንጹሕ ውኃ ነከር አድርጋ ጨምቃ፣ ጎማውን በጣቷ እያዞረች ዙሪያውን እንድትጠርገው ነገርኳት። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ወጣ። አልኮልም ቤንዚንም አይነካም፤ ጎማውን ሊያደርቀውና ሊሰነጥቀው ይችላል። ወረቀቱን ጠየቅኳት። ክረምቱን ተከፍቶ የከረመ እሽግ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷም የጠና ከተማ ናት፤ ተከፍቶ የተተወ ወረቀት እርጥበት ይጠጣና እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከዚያ ማሽኑ ወይ ምንም አይስብም ወይ ሁለት ሦስቱን ባንዴ ይጎትታል። አዲስ እሽግ ከፍታ፣ ወረቀቱን እንደ መጽሐፍ ገጽ አላልታ፣ ጥቂቱን ብቻ አስገባች። ሳበ።

የወጣው ገጽ ግን መስመሮቹ የተበጣጠሱ ነበሩ። «ጥቁሩ በየመሀሉ ይዘላል፤ ሰማያዊው ከነጭራሹ የለም» አለችኝ። እዚህ ላይ ባለሙያው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ሄዱ ታሟል። ሞቷል ለማለት ግን ገና ነው። ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ የሠራው መቼ እንደሆነ ስጠይቃት፣ ማታ ፎቶ ኮፒ እያደረገች መብራት እንደጠፋና ከዚያ በኋላ ለቀናት ሳይነካ እንደቆየ ነገረችኝ። ነገሩ ያኔ ተገለጠልኝ።

ፕሪንተር በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ሄዱ ወደ ዳር ሄዶ ማረፊያው ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ያለችው የጎማ ክዳንም ትሸፍነዋለች። መብራት በሥራ መሀል ድንገት ሲሄድ ግን ባለበት ተገትሮ ይቀራል። ለዓይን በማይታዩት ቀዳዳዎቹ አፍ ላይ ያለው ቀለም አየር እየመታው ይደርቃል። የሄድ ማጽጃውን ትእዛዝ አሠራናት፤ መስመሩ ትንሽ ተሻሻለ። ልጅቷ ደጋግማ ልትሠራው ፈለገች፤ እኔ ከለከልኳት። ማጽጃው ቀለም እየገፋ ስለሚያስወጣ ያለ ልክ ሲደጋገም ጠርሙሱን ይጨርሳል። አሳድሪውና ነገ ጠዋት እንሞክረዋለን አልኳት። የደረቀው ቀለም ከአዲሱ ጋር ተገናኝቶ ለመላላት ጊዜ ይፈልጋል። በማግስቱ ጥቁሩ ሙሉ ሆነ፣ ሰማያዊውም መጣ። በስልኩ ውስጥ የሁለቱንም ሴቶች እልልታ ስሰማ የሥራ ልብሴን እንኳ አላወለቅኩም ነበር።

ቀጥሎ ፎቶ ኮፒው ላይ ግራጫ ጠቃጠቆ መጣ። ዋናውን ወረቀት አዙረሽ አስቀምጪው አልኳት፤ ጠቃጠቆው ከወረቀቱ ጋር አልዞረም፣ እዚያው ጥግ ላይ ቀረ። እንግዲያው ያለው መስታወቱ ላይ ነው። በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው ስላት «ሰም ነው!» ብላ ጮኸች። መብራቱ የጠፋ ማታ ውስጥ የቀረውን ወረቀት ለማውጣት ክዳኑን የከፈተችው በጧፍ ነበር፤ የጧፉ ሰም መስታወቱ ላይ ተንጠባጥቧል። እናቴ ቢላዋ ልታመጣ ስትነሣ በስልክ ጮኼ አስቆምኳት፤ መስታወቱ አንዴ ከተጫረ ጭረቱ በየኮፒው ላይ ይወጣል። በድሮ የስልክ ካርድ ጠርዝ ቀስ ብላ አነሣችው፤ የቀረውን ቅባት በለስላሳ ጨርቅ ጠረገችው። ፈሳሽ ካስፈለገ የሚረጨው ጨርቁ ላይ ነው፤ መስታወቱ ላይ ከተረጨ በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ከዚያ የኮፒው የመጨረሻ መስመር ተቆርጦ ወጣ፤ ይህኛው ቀላሉ ነበር። ማሽኑ የአሜሪካን የወረቀት ልክ እንደያዘ ነው፤ የአሜሪካው 279 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የእኛው ኤፎር 297 ነው። ከማስተካከያው ውስጥ ኤፎር የሚለውን መርጣ ጨረሰችው።

አሁን ቤቱ የራሱ ደንብ አለው። ፕሪንተሩ የሚጠፋው በቁልፉ ነው እንጂ ከሶኬት ተመንጭቆ አይደለም። በሥራ መሀል መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ መጀመሪያ ተከፍቶ ሄዱ ማረፊያው እስኪደርስ ይጠበቃል። የሚታተም ነገር ባይኖርም በየሳምንቱ ሁሉንም ቀለም የያዘ አንድ ገጽ ይወጣል። የመብራቱን ከፍ ዝቅ ማለት የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ከዚያው ተገዝቷል፤ ከእዚህ መላክ አላስፈለገም።

የቀረኝ ሥጋት አንድ ነው። በጽዳት ጊዜ የሚወጣው ቀለም ማሽኑ ውስጥ ወዳለ መምጠጫ ስፖንጅ ይሄዳል፤ ማሽኑ መጠኑን እየቆጠረ ስፖንጁ ሞልቷል ያለ ቀን ማተም ያቆማል። ያን ቀን «ሞቷል» የሚል ሌላ ሰው እንዳይመጣ አስቀድሜ ለልጅቷ አስረድቻታለሁ። በአንዳንድ ሞዴሎች ስፖንጁን ባለቤቱ ራሱ ሊቀይረው ይችላል። የሞዴሉን ቁጥር በስልክ አንብባልኛለች፤ የሚስማማውን እየፈለግኩ ነው፤ ለፋሲካ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልክላቸዋለሁ።