ክትሩን የጣለው ጎርፉ ብቻ አልነበረም

ሱሉልታ ዳር፣ ከእንጦጦ ጀርባ፣ አንድ ቦረቦር ውስጥ የጎርፉን ኃይል የሚሰብሩ ሰባት የድንጋይ ክትሮች ተሠርተው ነበር። ሐምሌ ላይ ሦስተኛው ከጥቅም ውጭ ሆነ። ድንጋዩ አልተናደም፤ ውሃው በግራ ጎኑ ዞሮ ዳርቻውን በልቶ ሄደ፣ ክትሩ መሀል ላይ ብቻውን ቀረ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው የግንበኞቹ ሥራ ነበር። ሜትር ተዘርግቶ ሲለካ ግን ከፍታው 1 ሜትር፣ የቦረቦሩ ተዳፋት 10 በመቶ፣ በክትሮቹ መካከል ያለው ርቀት 12 ሜትር፤ ልክ ነው። የውሃ ማስተንፈሻው መሀል ላይ ከክንዶቹ፣ ማለትም ዳርቻው ውስጥ ከሚገቡት የክትሩ ሁለት ጫፎች፣ ዝቅ ብሏል። ክንዶቹም ግማሽ ሜትር ዳርቻው ውስጥ ገብተዋል። ችግሩ ክንዱ የገባበት አፈር ላይ ነበር። በግራ በኩል ከብቶቹ ወደ ውሃ የሚወርዱበት መንገድ ያልፋል፤ በየቀኑ በኮቴ ሲረገጥና ሲናድ ዳርቻው ላልቶ ነበር።

ከዚያ በላይ ያለው ተዳፋት ደግሞ በተቃራኒው ተረግጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ይህን ለማየት ሁለት ጫፉ የተቆረጠ የቀለም ቆርቆሮ ይበቃል፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ አስገብቶ አንድ ሊትር ውሃ ማፍሰስ ነው። በአጥር በተከለለው ሣር ላይ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሳይቀዳ ውሃው ሰርጎ አለቀ። ልቅ ግጦሹ ላይ ግን ቡናው ተጠጥቶ ረከቦቱ ሲነሳም ውሃው ቆርቆሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰማዩን ያሳይ ነበር። መሬት ያልጠጣው ውሃ ነው ክትሩን የሚመታው።

ጉዳቱ የሚከፋው ደግሞ ክረምት ላይ ነው። እርሻው በእህል ስለተያዘ ከብቱ በሙሉ ወደማይታረሰው ተዳፋት ይገፋል፤ አፈሩም እርጥብ ስለሆነ በቀላሉ ይጠቀጠቃል። ከብቱ በዝቷል፣ ሜዳው ደግሞ በቤትና በመጋዘን ተይዟል። እበቱ ወደ መሬቱ ቢመለስ አፈሩን ያለሰልሰው ነበር፤ ግን ኩበት ሆኖ ይነዳል።

በስብሰባ ላይ ተዳፋቱ ከከብት ይከለል ሲባል አንድ አዛውንት ተነሥተው «ልጆቼ፣ እሺ ይከለል። ከብቱን ግን የት ላድርሰው?» አሉ። የስብሰባው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር። 250 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከብት በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ለ30 ከብት በየቀኑ 180 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህን ሳይተኩ አጥር ማጠር ሌሊት የሚፈርስ አጥር መሥራት ነው።

ስለዚህ ሥራው ገለባውን በዩሪያ አለስልሶ የተሻለ መኖ ከማድረግ ተጀመረ። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ ገለባው በስስ በስሱ እየተነጠፈ ይረጫል፣ ይረገጣል፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ 21 ቀን ይታፈናል። ዩሪያው ሙሉ በሙሉ መሟሟት አለበት፤ ፍሬው እንዳለ ከተበላ ከብት ይገድላል። ከስድስት ወር በታች ላለ ጥጃም አይሰጥም። የመጀመሪያው ክምር ተበላሸ፤ ፕላስቲኩ በእሾህ ተበስቶ ገለባውን የሚያለሰልሰው የዩሪያው ጋዝ፣ አሞኒያው፣ ወጣ፣ ገለባውም ሻገተ። ሁለተኛው ግድግዳ ተጠግቶ፣ ጠርዙ በጭቃ ተመርጎ ተሠራ።

ቦረቦሩ ዳር ደሾ ሣር ተተከለ፤ ግንጣዩ በ10 ሳንቲ ሜትር፣ መስመሩ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት። ሣሩ ታጭዶ ወደ ግቢ ይሄዳል እንጂ ከብት አይገባበትም። ከብቶቹ ወደ ውሃ የሚወርዱበት መንገድም ወደ ታች፣ ድንጋያማው ቦታ ተዛወረ። ሦስተኛው ክትር እንደገና የተሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ክንዱም በዚህኛው ጊዜ አንድ ሜትር ገባ።

በ21ኛው ቀን ክምሩ ሲከፈት ገለባው ቡናማ ሆኖ ለስልሷል፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። አዛውንቱ ወዲያው ለላማቸው ሊያቀርቡ ዕፍኝ ሲያነሱ «አባባ፣ ዛሬ ይናፈስ፣ ነገ ጠዋት ጥቂት ይስጧት» ተባሉ። ገለባውን ጆንያ ላይ በትነው ላሟን ራቅ አድርገው አሰሯት።