ቅልጥም የተወው ውሻ

ግንቦት 12፣ ደብረ ማርቆስ

ከፋሲካ ጀምሮ የሚከነክነኝን ነገር ዛሬ ልጻፈው።

የበዓሉ ዕለት ከበጉ ቅልጥም አንዱን ለውሻችን ለልብ አርጉ ወረወርኩለት። አነሣው፣ አንዴ ቆረጠም አደረገውና መሬት ላይ አስቀምጦ ያየው ጀመር። 55 ቀን ከእኛ ጋር ሽሮ ፍትፍት ሲበላ የከረመ ውሻ አጥንት ተወ! እማዬ «ጠግቦ ነው» አለች። ከየት ጠግቦ?

ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። በእኛ አገር የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው፤ ያኔ ከአጥር ማዶ ካለው ሰው ጋር በድንበር ተኳርፋ ነበር። ይኸው ሰባት ዓመት ሆነው። ጎረቤታችን ልብ ይበል አይበል እንጃ፣ እኔ ግን አላልኩም። አፉ መሽተት የጀመረው ካቻምና ነው። ከሥራ ስገባ ዘሎ ሲቀበለኝ ፊቴን ማዞር ለመድኩ፤ እንግዳ ሲመጣ ራቅ አድርጌ አስረዋለሁ። «ውሻ ምን ሊሸት ኖሯል፣ ዕጣን?» እያልኩ እቀልዳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ ከንፈሩን ገልጬ አላየሁም።

በማግስቱ አጥንት ተሰንቅሮበት እንደሆነ ብዬ እጄን ወደ አፉ ስሰድ ወንድሜ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አንዳንዴ መንጋጋውን ያዝለውና ውሻው አፉን ከፍቶ ይዝረበረባል፤ ሲያዩት አጥንት ያነቀው ይመስላል። አዝኖለት እጁን የከተተ ሰው ጉድ ይሆናል። ምራቁ ቁስል ከነካ ወዲያው 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ማጠብና ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ልብ አርጉ በየዓመቱ ይከተባል፣ ለሃጭም የለውም፤ ቢሆንም እጄን ሰበሰብኩ።

ሐኪሙ፣ ውሎው ከበሬና ከበቅሎ ጋር ነው፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ውሃ ነበር። ያበዛል ወይ? ሽንቱስ? የአፉ ሽታ ሽንት ሽንት ካለ ኩላሊት፣ እንደበሰለ ፍሬ ከጣፈጠ ደግሞ የስኳር በሽታ ያጠራጥራል አለኝ። የእኛው ግን የበሰበሰ ነገር ነበር የሚሸተው። ከዚያ ከንፈሩን ወደ ላይ ገለጥ አደረገልኝ። በጉንጩ በኩል ያለው ትልቁ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ድስት ሥር እንዳረረ ወጥ ቡናማ ቅርፊት ተጋግሮበታል። ምራቅ የሚፈልቀው እዚያ አጠገብ ነውና ከ42ቱ ጥርሶች አብዝቶ የሚቆሽሸው እሱ ነው። ጥርስ ላይ የሚቀረው ልስልስ ቆሻሻ ካልተጠረገ በጥቂት ቀን ውስጥ ከምራቁ በሚያገኘው ማዕድን ይደድራል፤ ከዚያ ወደ ድድ ሥር ይገባና ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል። ድዱ ሲነካ ደማ። ውሻው ዝም አለ፤ እኔ ነኝ የተቆጣሁት፣ በማን እንደሆነ አላውቅም።

በወዲያኛው በኩል ደግሞ አንድ ጥርስ ተሰንጥቋል። ምክንያቱ እኛው በየበዓሉ የምንመርቅለት ቅልጥም ሳይሆን አይቀርም። በአውራ ጣት ጥፍር ተጭነኸው ምልክት ካልያዘ ለውሻ ጥርስ ይጠነክራል አለኝ። የተቀቀለው ደግሞ እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል።

በማደንዘዣ አስተኝቶ የተሰነጠቀውንና አንድ የላላ ጥርስ ነቀለ፣ የቀረውን ፋቀ። ነቅቶ እያለ ቢፋቅ ከላይ ያለው ይነጣል እንጂ ከድዱ ሥር ያለው አይነካም።

እማዬ ግን የራሷ መድኃኒት ነበራት።

«ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠህ ቀባው፤ ምን ብር ታወጣለህ?»

ሽንኩርት፣ ነጩም ቀዩም፣ የውሻን ደም እንደሚጎዳ ስነግራት አላመነችኝም። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራ! ትራፊ ስንሰጠው የኖርነውን አስቤ ዝም አልኩ። አሁን እንጀራውን ሽንኩርት ባልገባበት መረቅ ነው የምናረጥብለት፤ በዓለ ሃምሳ ነውና መረቅ አይጠፋም።

ድዱ እስኪድን ሁለት ሳምንት ጠብቀን ማታ ማታ ማጽዳት ጀመርኩ። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም፤ ውሻ አይተፋም፣ ይውጠዋል፤ አንዳንዱ ሳሙና ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጣቴ ላይ ጠምጥሜ መረቅ እነክርና የጥርሱን የውጭ ጎን ብቻ አሻለሁ። የውስጡን ምላሱ ይጠርገዋል። በመጀመሪያው ቀን ጨርቁን ሊውጠው ነበር።

እማዬ ከደጅ ሆና በወይራ መፋቂያዋ ጥርሷን እየፋቀች ታየናለች። «ለሱም አንድ ቁረጥለት እንጂ» አለች ትናንት።

ትናንት በግራ በኩል ያለውን አስጨረሰኝ። በቀኙ፣ ጥርሱ በተነቀለበት በኩል፣ ገና ራሱን ያዞርብኛል።