ከግሬደሩ በፊት ባልጩቱን ማየት

ከአዳማ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው የስምጥ ሸለቆ መስመር፣ መንገድ ከመቆረጡ በፊት ለሚደረግ የቅርስ ዳሰሳ ጥሩው ጊዜ ጥርና የካቲት ነው፤ አዝመራው ተሰብስቦ መሬቱ ይገለጣል። ዳሳሾች በ10 ሜትር ገደማ ተራርቀው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ያገኙትን በጂፒኤስ ይመዘግባሉ።

ዋናው ፈተና ባልጩትን፣ ማለትም የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሠሩበትን የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ ለይቶ ማወቅ ነው። ሰው የፈለጠው ስባሪ ምቱ ካረፈበት ጫፍ ሥር እብጠት ይኖረዋል። የጥንቱ ገጽ ደብዘዝ ይላል፤ ማረሻ ትናንት የሰበረው ግን ያብረቀርቃል። ክምችት ከተገኘ 1 በ1 ሜትር የሙከራ ጉድጓድ በየ10 ሳንቲሜትር ጥልቀት ደረጃ በደረጃ ይቆፈርና አፈሩ በ5 ሚሊሜትር ወንፊት ይነፋል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የገረጋንቲ፣ ማለትም ለመንገዱ ሙሌት የሚሆን አፈርና ጠጠር፣ ማውጫው ነው። አስፋልቱ የሚያልፍበት ተፈትሾ ጎኑ ያለው ኮረብታ በኤክስካቫተር ሲበላ ማየት ያሳዝነኛል፤ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ገደሞታ ላይ ከ270 ሺህ ዓመት በላይ የቆዩ የባልጩት መሣሪያዎች የተገኙት ከኮረብታ ነው። የገረጋንቲ ቦታዎቹ ካርታ ዳሰሳው ሳይጀመር ከኮንትራክተሩ ይጠየቅ።